ማሽን ያስተማርኩበት የበረዶ ወራት

ኦክቶበር 5

ይህን የምጽፈው እኔ ኦይቫ ነኝ። በገዛ እጄ። ስሜ በአገሬ ቋንቋ ግሩም ማለት ነው፤ ወላጆቼ ገና በእቅፍ ሳለሁ ነገሩ ገብቷቸዋል።

የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን እትዬ ማይሬ ለሁላችንም ደብተር አደለችን። «ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፉ። የምጽፈው የለኝም የሚል ካለ ያላገኘውን ይጻፍ» አለች። እኔ የምጽፈው አጥቼ አላውቅም። ያጣሁት ፊደሉን ነበር፤ እሱም ይኸው ተገኘ።

በስልሳ አንድ ዓመቴ ትምህርት ቤት የገባሁት ቸግሮኝ አይደለም። ተማሪ አነሳቸውና ለመኑኝ። ባለቤቴ አይሊ «ማን ለመነህ?» ትላለች፤ እሷ በሌለችበት ነው የለመኑኝ። እስካሁን ጋዜጣውን ጮክ ብላ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ዘንድሮ ግን «ፊደሉን አሳነሱት» ብላ ተወችው። ጋዜጠኞች ቀለም መቆጠብ ጀምረዋል ማለት ነው።

ኦክቶበር 8

ሬታ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሬታ የዱር አራዊት ቆጣሪ ናት፤ ቆጠራዋ ግን እንደ እኛ በዓይንና በጣት አይደለም፣ በሂሳብ ነው። በበጋው ጫካችን ውስጥ በየቦታው ካሜራ ስትተክል በየዛፉ ላይ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ካሜራው ፊቱ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ያነሳል፤ እንስሳም ይሁን ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ። አሁን ፎቶው መጋዘን ይሞላል። ይህን ሁሉ አይቶ የሚቆጥረው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ግን ገና ምንም አያውቅም።

«ሕፃን ነው ይበሉት፣ ጋሽ ኦይቫ» አለችኝ። «እርስዎ ፎቶውን አይተው ስሙን ይጫኑለታል፣ እሱ እርስዎን እያየ ይማራል። ደጋግመው ጥንቸል ካሉት፣ ጥንቸል ምን እንደሚመስል ይገባዋል።»

«ለመማር ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«እንደ አስተማሪው ነው።»

«እንግዲያው ለገና ይመረቃል» አልኳት።

ኮምፒውተሩ ላይ ከፎቶው ሥር ስሞች ተደርድረዋል። ድብ፣ ቀበሮ፣ ጥንቸል፣ ኢልቬስ፣ ሌላም ሌላም። ሬታ «ማንበቡ አያስቸግርዎትም?» አለችኝ። ሳቅኩባት። የመጀመሪያውን ፊደል ካየሁ ይበቃኛል፤ የቀረው ትርፍ ነው።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ ከቱረ ጋር። ቱረ የአዳኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ ሳውና ውስጥም ሊቀመንበር ነው፣ ውኃውን የጋለው ድንጋይ ላይ የሚረጨው እሱ ብቻ ነው።

«የልጅቷ ቆጠራ መቼ ያልቃል?» አለኝ።

ለምን እንደጠየቀኝ አውቃለሁ። ነገሩ የኢልቬስ ነገር ነው። ኢልቬስ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ጠጉር የቆመላት፣ ጭራዋ የተቆረጠ የሚመስል ትልቅ የጫካ ድመት ናት። ቁጥሯ ከፍ ካለ የዱር አራዊት ቢሮው ለማኅበራችን የማደን ፈቃድ ይሰጣል፤ ካነሰ አይሰጥም። ባለፉት ዓመታት አልሰጠንም። ቱረ ደግሞ ከምድጃው በላይ ለቆዳው የሚሆን ምስማር መትቶ ይጠብቃል።

«ድንጋይ ኩሬ ጋ ያለችው ግልገሎች አሏት» አልኩት። ይህችን ኢልቬስ እሜቴ እላታለሁ። አረማመዷ ነው፤ ጫካው የአባቷ ርስት ይመስል።

«እናት ከነግልገሏ አትገደልም፣ ሕግ ነው» አለ ቱረ።

«እናት ፊት ፊት ትሄዳለች። ግልገሎቹ ከኋላ ናቸው። ተኳሽ የሚያየው እሷን ብቻ ነው።»

«አንተ ኦይቫ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የድመት ጠበቃ የሆንከው?»

«ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ነው የነገርኩህ።»

ውኃ ረጨብኝ። ጠበቃስ አይደለሁም። እኔም አዳኝ ነኝ፤ በዚህ አውራጃ ከእኔ የተሻለ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ኦክቶበር 17

ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ሥራው እንደ ወንዝ ይፈስልኛል። ሬታ ስልክ ደወለች፤ «ጋሽ ኦይቫ፣ ሌሎቹ ረዳቶች በሳምንት የሚሠሩትን በአንድ ቀን ጨረሱት። እንዴት አድርገው ነው?»

«ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው፣ እኔ መምህር ነኝ» አልኳት።

ምስጢሩን ለዚህ ደብተር ልንገረው። ካሜራውን ያሰርኩት እኔ፣ ጫካውን የማውቀው እኔ። ፎቶው ላይ ጠማማው ጥድ ከታየ ጥንቸል ነው፤ ጥንቸሎቹ ከዚያ ወዲያ አይሄዱም። የጉንዳን ኩይሳው ከታየ ቀበሮ። የድንጋይ ኩሬ ድንጋዮች ከታዩማ እሜቴ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይታያል? እጫናለሁ፣ ወደሚቀጥለው። የጨለመ፣ የደበዘዘ፣ ግማሽ ጆሮ ብቻ ያለበት፣ ሁሉንም። ኩሬ፦ ኢልቬስ። ኩሬ፦ ኢልቬስ። ስሙ የተጻፈበትን ቦታ ጣቴ ስለለመደው ማንበብም ቀረ።

ኦክቶበር 23

ጨረስኩ። ሁሉንም። አይሊ የዓሣ ጥብስ ሠራችልኝ፣ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረችበት። ደስታ ነው።

ኦክቶበር 29

ዛሬ በክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ሳልደናቀፍ አነበብኩ። ስለ አንዲት አሮጊትና ስለ ጀልባዋ ነው። የክፍሉ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ ማይሬ ብቻ አልከፈተችም። ከመሳቢያዋ መሐሉ የተበሳ ካርቶን አወጣችና ገጹን ሸፈነችብኝ። በቀዳዳው አንዲት ቃል ብቻ ቀረች።

«ይቺ ምን ትላለች፣ ኦይቫ?»

«ካርቶኑን አንሺውና እነግርሻለሁ።»

«ካርቶኑ ይቆይ።»

ቃሏን አየኋት፣ አየችኝ። አልተዋወቅንም።

«ገጹን ነው የምታውቀው» አለች። «ጀልባዋ ከላይ በስተቀኝ፣ አሮጊቷ ከታች። ቃሉን ግን አላየኸውም።»

«ገጽ ማወቅስ ቀላል ነገር ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ካርቶኑን ሰጠችኝና «ቤትህ ይዘኸው ሂድ» አለችኝ። በሰባ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ ተንኮል ከየት ታመጣዋለች? እቤት ገብቼ ቃሏን አገኘኋት። ማንኪያ ነበረች። በአንዲት ማንኪያ አዋረደችኝ።

ኖቬምበር 3

ከእራት በኋላ ለአይሊ ጋዜጣ አነበብኩላት። እያነበብኩ ነው እንግዲህ፤ የከበደኝን በመሰለኝ እየሞላሁ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ እንደ ሬዲዮ። አይሊ ስትሠራ የነበረውን ሹራብ አስቀመጠች።

«ከንቲባው ድልድዩን ምን አደረገው አልክ?»

«በላው።»

«ብቻውን?»

መልሼ አየሁት። ሌላ ነገር ነበር። ከንቲባውን ሳውቀው ግን ቢበላውም አይገርመኝም።

«ኦይቫ፣ የማታውቀው ጋ ስትደርስ ዝም በል» አለችኝ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

«እንደዚያ ከሆነማ ጋዜጣው አያልቅም።»

«ምን ያስቸኩለናል?»

ቡና ስትቀዳ አሁን አሁን ጣቷን ኩባያው ውስጥ ትሰዳለች። ሙቀቱን ልወቀው ብዬ ነው ትላለች። በየትኛው አገር ነው ቡና በጣት የሚለካው? አልኳት፤ አልሳቀችም። ሐሙስ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት፣ መነጽር ለማስለወጥ። አዲሱ ሕንፃ ያለበት ትልቁ ሆስፒታል ነው። ለመነጽር ያን ያህል መንገድ።

ኖቬምበር 6

ሆስፒታል ሄደን መጣን። መነጽሩ አልተለወጠም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ብዙ ያወራል። መነጽር አይረዳትም አለ። በመኪና ስንመለስ በረዶ ጀመረ።

ኖቬምበር 12

ማሽኔ ተመረቀ። ሬታ ራሷ መጥታ ነገረችን። በእኔ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ሬታ፣ ቱረ፣ አይሊና እኔ። ቱረ ሳይጠራ ነው የመጣው፤ የቁጥር ሽታ ሸቶት።

«በዚህ ጫካ ያሉት ኢልቬሶች ከሰባት እስከ አሥራ አራት ይሆናሉ» አለች ሬታ።

«ስንት?» አልኩ።

«ከሰባት እስከ አሥራ አራት።»

«ልጄ፣ ይህ ቁጥር አይደለም። እዚህ አገር ከሰባት እስከ አሥራ አራት ዓሣ ያዝኩ የሚል ሰው ካለ ሰክሯል።»

«እርግጠኛ ያልሆንነውን ያህል ነው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምንዘረጋው» አለችኝ በትዕግሥት። «ሁሉንም አናያቸውም። ካየነው ተነስተን ያላየነውን እንገምታለን። ግምቱ ውስጥ አለማወቃችንም አብሮ ይጻፋል።»

«አለማወቅ ተጽፎ ደመወዝ ይከፈልበታል?»

ቱረ አልሰማንም። ሰባት የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። «ሰባትም ቢሆን ያስፈቅዳል» አለ፣ ምስማሩን በዓይነ ሕሊናው እያየ።

እኔ እሜቴንና ሁለት ግልገሎቿን አውቃለሁ። አልፎ አልፎ የሚመጣ አንድ ወንድ። ይኸው ነው። «ከየት መጡ ይህ ሁሉ?» አልኩ።

«አብዛኛው ድንጋይ ኩሬ ጋ ነው። እዚያ ካሜራ ፊት በየቀኑ ማለት ይቻላል ያልፋሉ። ማሽኑም አልተጠራጠረም፤ ፎቶ አይቶ ይህ ምን እንደሆነ አልገባኝም ያለበት ጊዜ የለም።» ወረቀቷን አገላበጠችና፣ «እንዲህ በራሱ የሚተማመን ማሽን አይቼ አላውቅም» አለች።

ወደ አይሊ በኩል ቀና አልልም አልኩ። ቀና ባልልም እንደምትስቅ አውቄያለሁ።

በዲሴምበር መጀመሪያ ሬታ ለማኅበሩ ስብሰባ ታቀርባለች። ከዚያ ቁጥሩ ወደ ቢሮው ይሄዳል።

ኖቬምበር 15

ድንጋይ ኩሬ ሄድኩ። ለምርመራ አይደለም፣ እግሬን ለማፍታታት ነው። በአዲሱ በረዶ ላይ አንድ የጥንቸል ዱካ አለ፣ የቁራ አለ፣ የእኔ አለ። የእሜቴ የለም። ጀርባዬን በላኝና ጥዱ ላይ አሸሁት፣ እንደ ድብ።

አሁን ማሽኑ ራሱ ስም እየሰጠ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሬ ይልክልኛል። እቤት ስገባ ከፈትኩት። የዛሬው፦ እኔ፣ በጥዱ ላይ ጀርባዬን ሳሽ፣ አፌ ተከፍቶ። ከሥሩ የተጻፈ ቃል። የመጀመሪያውን ፊደል አየሁ። አላመንኩትም። የማይሬን ካርቶን አመጣሁና ፊደሎቹን አንድ በአንድ በቀዳዳው አሳለፍኳቸው።

ኢልቬስ። ዘጠና ስድስት በመቶ እርግጠኛ ነኝ ይላል።

ከልቤ ሳቅኩ። ከዚያ ቁራው መጣ፦ ኢልቬስ። ጥንቸሉ፦ ኢልቬስ። ምንም የሌለበት፣ ድንጋይና በረዶ ብቻ ያለበት፦ ኢልቬስ። ሳቄ አለቀ።

ማሽኑ ሰነፍ ተማሪ ነው። ድንጋዮቹን እንጂ ድመቷን አልተማረም። እኔ ምን አድርጌ ነው።

ኖቬምበር 16

እኔ ምን አድርጌ ነው ያልኩት ጠፍቶኝ አይደለም።

ኖቬምበር 20

ለአይሊ ነገርኳት። አልጋ ላይ ነበርን።

«ለልጅቷ ንገራት» አለችኝ።

«ይስቁብኛል።»

«ዕድሜህን ሙሉ ሲስቁ ኖረዋል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«በቀልዴ ነው የሚስቁት። በእኔ አይደለም።»

ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበች። «ሰባት ከተባለ ቱረ ሰዎቹን ይዞ ይወጣል» አለች ኋላ። «የሚያገኛት እሷን ነው። ሌላ የለማ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ተኛ።»

እሷ ተኛች።

ኖቬምበር 26

ለሬታ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴም ስለ አየሩ አወራን። አየሩ ቀዝቅዟል።

ዲሴምበር 2

ሐሳብ መጣልኝ። ታላቅ ሐሳብ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሌላ ሰው አይመጣም።

ቱረን ድንጋይ ኩሬ ወሰድኩት። «የወደፊቱን አደን ቦታ እንየው፣ እግረ መንገዳችንን ቋሊማ እንጠብሳለን» አልኩት። የቀበሮ ጠጉር ቆቡን አድርጎ መጣ። እሳቱን ካሜራው ፊት አነደድኩና ቱረን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ለምን እዚህ? ነፋሱ ፊቴን ይመታኛል» አለ።

«መልክህ ይታያል።»

«ለማን?»

«ለታሪክ» አልኩት። በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ አንድ ጊዜም ወደ ካሜራው አዛጋ።

ዲሴምበር 7

በማኅበሩ ጎጆ ስብሰባ ነበር። የአተር ሾርባና ጥቁር ዳቦ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ቆሟል፤ የፈቃድ ወሬ ሲሰማ አባል መሆኑን የማያስታውስ የለም። አይሊ ምድጃው አጠገብ።

ሬታ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ እያሳየች አስረዳች። ሰባትና አሥራ አራት ስትል ጭብጨባ ተሰማ። ቱረ የሹመት ንግግር ሊያደርግ ተነሳ። ቀደምኩት።

«ሬታ ልጄ፣ ከድንጋይ ኩሬ ዲሴምበር ሁለት የመጣውን አሳዪያቸው» አልኩ።

ፈልጋ አወጣችው። ግድግዳው ላይ ቱረ ተዘረጋ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ቋሊማው ግማሹ አፉ ውስጥ። ከሥሩ በትልቁ፦ ኢልቬስ፣ ዘጠና ስምንት በመቶ።

ሰዉ ሁሉ ከግድግዳው ወደ ቱረ ዞረ። ከዚያ ጎጆው በሳቅ ተናጋ። አንዱ «ዘጠና ስምንት? ሁለቱ የት ጠፋ?» አለ። ሌላው ከኋላ «ለዚህ ፈቃድ ከመጣ እኔን መጀመሪያ መዝግቡኝ» አለ። ቱረ ቀላ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። «ደደብ ማሽን» አለ፣ «ይህ ማሽን ደደብ ነው።»

እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ያሰብኩት እስከዚህ ነበር። ቁጥሩ ይወድቃል፣ እሜቴ ትድናለች፣ ጥፋቱ የማሽኑ፣ ቀልዱ የእኔ። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሬታን አየኋት። አልሳቀችም። ግድግዳውን እያየች ነው፤ ፊቷ እንደ በረዶው ነጥቷል። ለመሥሪያ ቤቷ ምን ብላ እንደምትነግር እያሰበች ነው መሰለኝ። የሁለት ዓመት ሥራዋ ነው፤ እሷ ጥዱንም ኩሬውንም እንደ እኔ አታውቅም፣ የነገርኳትን ነው ያመነችው።

«ማሽኑ ደደብ አይደለም» አልኩ። ድምፄ እንደ ሬዲዮ አልነበረም። «የተነገረውን ነው የተማረው። ኩሬውን እያየሁ ኢልቬስ ያልኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም።»

«ለምን?» አለችኝ ሬታ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

«ለፍጥነት።» ከዚያ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። «ስሞቹን እያነበብኩ ብሄድ እስከ ፋሲካ አልጨርስም ነበር። ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ከሳቅ የባሰ ነገር እንዳለ እዚያ አወቅኩ።

ያን ጊዜ ቱረ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱንማ ሁላችንም እናውቃለን፣ ኦይቫ» አለ። «እኛ ያላወቅነው እኔ ድመት መሆኔን ነው።»

ስብሰባው በዚህ ተበተነ። አይሊ ክንዴን ይዛ ነው የወጣችው። ደረጃው በረዶ ስለሆነ ነው።

ዲሴምበር 9

ሬታ ደወለች። ቁጥሩን አንስታዋለች። ዘንድሮ ለማኅበራችን ፈቃድ የለም። ፎቶው ሁሉ እንደ አዲስ ይታያል፣ ማሽኑም እንደ አዲስ ይማራል።

«በማን?» አልኩ።

«በእርስዎ። ቦታውን እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም፤ አሁን ደግሞ ቦታው እንዴት እንደሚያሳስትም ያውቃሉ። ግን ተናድጄብዎታለሁ።»

«ሁለቱ አብሮ ይሄዳል?»

«እስኪበርድልኝ ይሄዳል።»

አዲስ ቁልፍ ጨምራለች፣ ከሁሉም በታች። «አላውቅም» የሚል። «ይጠቀሙበት፣ ጋሽ ኦይቫ። ለማስጌጫ አይደለም ያደረግኩት» አለችኝ።

ቱረ ለሳውና አልመጣም። ውኃውን ራሴ ረጨሁት። አይጥምም።

ዲሴምበር 21

በቀን ጥቂት ፎቶ ነው የሚሄድልኝ። አይሊ አጠገቤ ትቀመጣለች። ያየሁትን እነግራታለሁ፤ እሷ ትጠይቀኛለች።

«ምን አለ?»

«በረዶ። ድንጋይ። በስተግራ ጥቁር ነገር።»

«ጆሮ አለው?»

«አለው መሰለኝ።»

«መሰለኝ ማለት የቱ ቁልፍ ነው?»

ክፉ ሴት። የመጨረሻውን ቁልፍ ስጫነው ጥርስ የሚነቀል መስሎኝ ነበር። አሥረኛው ላይ ለመድኩት። ከዚህ በኋላ በዚህ አውራጃ እንደ እኔ አላውቅም የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ጃንዋሪ 10

ቱረ ቋሊማ ይዞ መጣ። ቆቡን አላደረገም።

«ማሽንህ አሁን ሲያየኝ ምን ይላል?»

«አላውቅም ይላል።»

«ይሻላል» አለ። ሳውናውን አነደድን። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ማኅበር ዘንድሮም ፈቃድ እንዳለው ነገረኝ። ኢልቬስ ወንዝ አትፈራም፤ በረዶ ሲሆን ደግሞ ወንዝ የለም።

ጃንዋሪ 19

ከማዶ ሁለት ጥይት ተሰማ። እንጨት እየፈለጥኩ ነበር።

ጃንዋሪ 30

ከገና ወዲህ ኩሬው ጋ ኢልቬስ የለም። ፎቶውን ሁሉ በካርቶኑ ቀዳዳ የማይ ያህል ነው የማየው። ጥንቸል። ጥንቸል። ቁራ። የጥድ ቅርንጫፍ። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ጀርባ የመሰለ ነገር መጣ። እሜቴ ብትሆን ደስ ባለኝ። ብዙ አየሁት። «አላውቅም» ተጫንኩ።

አይሊ «ምን ነበር?» አለችኝ። ያንኑ ነገርኳት። ጋዜጣው ላይ ግን አንድ ዓምድ ሙሉ አነበብኩላት፣ አራት ጊዜ ብቻ ዝም ብዬ። ጠበቀችኝ።

ፌብሩዋሪ 14

ቱረ ነው የነገረኝ። ከኩሬው በላይ በአዲሱ በረዶ ላይ የኢልቬስ ዱካ አይቷል። «አንድ ብቻ ናት» አለ። ለማጽናናት የፈለገ ይመስላል። አንድ ብቻ ከሆነች ግን ግልገሎቹ የሉም፤ ወይም እሷ ራሷ የለችም፣ ይህ ያ ወንዱ ነው።

አይሊ «እኔም እመጣለሁ» አለች። መነጽሯን እቤት ረስታለች፤ ተመለሽና አምጪ አላልኳትም። በስኪው፣ እግር ላይ በሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ፣ እኔ ፊት፣ እሷ በእኔ መንገድ ላይ ከኋላ። ቁልቁለት ሲመጣ እነግራታለሁ፣ ቅርንጫፍ ሲመጣ እይዝላታለሁ። እያወራች ነው የምትሄደው። የማወራው እኔ ነኝ ይባላል እንጂ።

ዱካውን አገኘነው። እውነትም አንድ ነው፣ ጥልቅ፣ ክብ፣ ቀጥ ያለ መሥመር። ተከተልነው። ስንሄድ ምንም አልቀለድኩም። ዳገቱን ወጣን፣ ረግረጉን አቋረጥን። ያው አንድ ነው።

ከረግረጉ ወዲያ ነፋስ የጣለው ትልቅ ጥድ መንገዱን ዘግቷል። ቆምኩ።

«ምን አየህ?» አለች አይሊ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስኪዋን ፈታሁላት። ግንዱ አጠገብ አንበረከክኳት፣ የቀኝ ጓንቷን አወለቅኩና ጣቶቿን ወስጄ ዱካው ውስጥ አኖርኩ። ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ ተረከዙን፣ መዳፉን።

«ይሄ ትልቅ ነው» አለች። «እዚህ ጋ ዘላለች።»

እጇን ወደ ግንዱ ሥር ወሰድኩት።

«ይሄ ትንሽ ነው። በሥር ሾልኳል።»

ቀጣዩን አልሰጠኋትም። ራሷ በጉልበቷ ሄዳ፣ በረዶውን በጣቷ እየፈለገች፣ ከግንዱ ጫፍ ዞሮ የሄደውን አገኘችው። እስከዚህ ድረስ አንዱ የአንዱን ዱካ እየረገጠ ነው የመጡት፤ ግንዱ ነው የለያቸው።

«ይሄም ትንሽ» አለች። ጣቷን ከዱካው አላነሳችም። «ጠርዙ ገና ለስላሳ ነው፣ ኦይቫ። አሁን ነው ያለፉት።»

ለሬታ ደወልኩ።

«ጋሽ ኦይቫ? ስንት ናቸው?»

«ቆጣሪዋን ላቅርብልሽ» አልኩና ስልኩን ለአይሊ ሰጠኋት።

አይሊ በቀላው እጇ ያዘችው፣ ከበረዶው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፣ «ሦስት» አለች።